ማኘክ አቃተሽ እንዴ?

ከአሜሪካ ልመጣ ስል ድሮ የምታዘዘው ጫማና ስልክ ነበር። ዘንድሮ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል። «ያንን በውሃ በጥብጠው የሚጠጡትን፣ አትክልት ሁሉ ያለበትን አምጪልን» ይሉኛል ጓደኞቼ። የሚያዙኝ ደግሞ አራት ኪሎ ጭማቂ ቤት ቁጭ ብለው ነው፤ የአቮካዶና የማንጎ ስፕሪስ ፊታቸው ተደርድሮ፣ ላዩ ላይ ቪምቶ ፈስሶበት!

እሺ ብዬ አመጣሁ። ለወር የሚሆነው አንዳንዱ ወደ 100 ዶላር ይጠጋል። አክስቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቧል። ከጎመንና ከቆስጣ እንደሚሠራ፣ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ መኪና ውስጥ እንደምጠጣው በኩራት ሳስረዳ አክስቴ ቆርቆሮውን አገላብጣ አየችውና «ማኘክ አቃተሽ እንዴ ልጄ?» አለችኝ። አንዷ ጎረቤት አሽትታው «የተጎዘጎዘውን ቄጠማ ነው እንዴ የፈጩት?» ስትል ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ስንት ዓመት ሰው አገር ለፍቼ የአራት ኪሎ እናቶች መሳቂያ ልሁን? ከሳቁ ይልቅ የከነከነኝ ግን ማታ አክስቴ ለብቻዬ ጠርታ «እዚያ ጎመን የለም?» ማለቷ ነው። ጎመንማ ሞልቷል። መክተፊያ ሰዓት ነው የሌለው።

እና ላዘዛችሁኝ ሁሉ፦ ትኩስ ጎመን ከ100 ግራሙ ወደ 90 ግራም ገደማ ውሃ ነው። አንድ ማንኪያ ዱቄት 10 ግራም ቢሆንና ምንም ሳይቀላቀልበት ጎመን ብቻ ቢሆን እንኳ ከ100 ግራም ትኩስ ጎመን አይበልጥም። የሚሸጠው ግን ማጣፈጫና ሌላ ሌላ ነገር ተጨምሮበት ነው። ብረትና ካልሲየሙ ሲደርቅም አይጠፋም፤ ቫይታሚን ሲ ግን በሙቀትና በአየር ይጎዳል፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ፋብሪካው ራሱ ይጨምርበታል። አሠር (ፋይበር) ከፈለጋችሁ አንድ ሳህን ጎመን ከማንኪያ ዱቄት ይበልጣል። ደግሞ የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ እንዲህ ዓይነቱን ነገር ገበያ ከመውጣቱ በፊት መርምሮ አያጸድቅም።

እኛም ብንሆን ጻድቅ አይደለንም። ጎመኑን እስኪጠቁር ቀቅለን ውሃውን እንደፋዋለን፤ ከቫይታሚን ሲው ብዙው አብሮ ይደፋል። ዘይቱ ላይ ግን አንታማም፤ በጎመን ውስጥ ያለው፣ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ነገር ያለ ቅባት በደንብ አይዋሃድም። አዲስ ዓመት ሲመጣ «የጎመን ምንቸት ውጣ» ብለን የምናባርረውን ነው እንግዲህ ፈረንጅ ፈጭቶ በዶላር የሚሸጥልን።

ከአገር ልትወጡ ያሰባችሁ፣ ደሞዙን ብቻ አትጠይቁ። ሥራው ስንት ሰዓት እንደሚያስገባ፣ ስንት ሰዓት እንደሚያስወጣ፣ ምሳ የት እንደሚበላ ጠይቁ። ሁለት ሥራ ይዞ ወጥ የሚሠራ ሰው እስካሁን አላየሁም፤ ካለም ያስተዋውቀኝ።

«ለእናቴ አንድ ቆርቆሮ» ያልከኝ ወንድሜ ደግሞ፣ እናትህ የደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን ነው የሚወስዱት አላልክም? አረንጓዴ ነገር ቫይታሚን ኬ አለው፤ ድንገት ሲበዛ የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሰዋል። ጎመኑም ቢሆን በአንዴ ሲበዛ ያው ነው። መጀመሪያ ሐኪማቸውን ጠይቅ፤ እስከዚያ እኔ አልሰጥህም።