ቁልፍ የሚሰበስበው የእድር ዳኛ

ስለ ሥልጣን ወዳድ ሹም የሚጻፉ አጫጭር ልቦለዶች ብዙዎቹ የሚበላሹት ገና ገጽ አንድ ላይ ነው። ሰውየው ሲገባ ቦርጩን ገፍቶ፣ ግንባሩን ከስክሶ፣ ጸሐፊዋን እየሰደበ ነው። አንባቢው ወዲያው ስለነቃበት፣ ኋላ የሚመጣው ክህደት ማንንም አያስደነግጥም። ያልታመነ ሰው ምኑን ይከዳል?

«ማክቤዝ» በተባለው ተውኔቱ ሼክስፒር ይህን እንዴት እንደሠራው አንደኛው ገቢር፣ አራተኛው ትዕይንት ላይ ነው ማየት። ንጉሥ ዳንካን የከዳው የካውዶር መስፍን መቀጣቱን ይሰማል። የሰው ልብ ከፊቱ እንደማይነበብ፣ ያን ሰው ፍጹም ያምነው እንደነበር እየተናገረ ሳለ ማክቤዝ ይገባል፤ ዳንካንም በምስጋና ይቀበለዋል። የከሃዲው ሹመት ደግሞ አስቀድሞ ለማክቤዝ ተሰጥቷል። በሰባተኛው ትዕይንት ማክቤዝ ንጉሡን ሊገድል እያሰበ ራሱ ያለበትን ዕዳ ይቆጥራል፦ ዘመዱ ነኝ፣ ሎሌው ነኝ፣ ዛሬ ማታ ደግሞ አስተናጋጁ ነኝ። ጩቤው ከመመዘዙ በፊት ምን ምን እንደሚፈርስ አውቀናል። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ፊታውራሪ መሸሻ ግን ከዚህ ጋር መደባለቅ የለበትም። የእሱ ጉልበት ከዘርና ከማዕረግ የመጣ ነው፤ የባላገሩን አመኔታ ለምኖ አያውቅም። ጨቋኝ ነው፤ ከሃዲ ለመባል ግን መጀመሪያ መታመን ነበረበት።

ታሪኩን ድሬዳዋ ላይ ለሚያደርግ ጸሐፊ ከሚኒስትርና ከጄኔራል ይልቅ የእድር ዳኛ ይሻለዋል። አመኔታው በእጅ የሚዳሰስ ነውና። የገንዘቡ ሳጥን ሦስት ቁልፍ ይኑረው፤ አንዱ ዳኛው ጋ፣ አንዱ ገንዘብ ያዥዋ ጋ፣ አንዱ የእድሩ ጸሐፊ ጋ። ታሪኩ እንግዲህ ሦስቱ ቁልፎች እንዴት አንድ ኪስ ውስጥ እንደገቡ ነው። በጉልበት መሆን የለበትም። ገንዘብ ያዥዋ እናቷ ሞተዋል እንበል፤ ዳኛው ለቅሶ ቤት መጥቶ፣ አጠገቧ ቁጭ ብሎ፣ «አቦ ስለ ቁልፉ አታስቢ፣ እኔ ጋ ይቆይልሽ» ይላታል። እሷም አመስግና ትሰጠዋለች። ሁለተኛው ቁልፍ አደጋ ይፈልጋል። የ1998ቱን የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ የሚያስታውስ የድሬ አንባቢ፣ ውኃ በሌሊት ሲመጣ ቁልፍ ለማሟላት የሰው ቤት ማንኳኳት እንደማይቻል ማንም እንዲያስረዳው አይፈልግም። ዳኛው ልክ ነው። ገጸ ባሕርዩን የሚያቆመውም ይህ ነው፤ በየደረጃው የሚያቀርበው ምክንያት ልክ መሆን አለበት። ጎርፉ ያልፋል፣ ቁልፉ ግን አይመለስም፤ መልስ የሚለውም አይኖርም።

ከዚያ የስብሰባው ሰዓት ይለወጥ። እሑድ ጠዋት የነበረው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ይሁን። ከተማው በሙቀት ጭር ብሎ፣ ግማሹ ሰው ተኝቶ፣ ግማሹ በርጫ ላይ ተቀምጦ፣ ማን ይመጣል? የሚመጡት ዳኛው በስልክ የጠራቸው ናቸው። «ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» የሚለው የቃለ ጉባኤ ዓረፍተ ነገር እንዲህ እውነት ይሆናል።

አሁን ገንዘቡ። እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ጸሐፊ መንገድ የሚስተው፤ ሰውየውን ሌባ ያደርገውና መኪና ይገዛለታል። ሌባ ሌላ ታሪክ ነው። ሥልጣን ወዳድ የሚፈልገው ያለ እሱ ምንም እንዳይሆን ነው። ስለዚህ የወሰደውን ይስጥ። የእድሩ ድንኳን ለሠርግ በቀን 800 ብር ይከራያል እንበል። ለሦስት ቀን ወጥቶ 2,400 ብር ገባ፤ ዳኛው መዝገቡ ላይ የአንድ ቀን ብቻ ጻፈ። የቀረውን 1,600 ብር ልጇ ለታመመባት መበለት ራሱ ቤቷ ድረስ ወስዶ ሰጣት፤ «ከኪሴ ነው፣ ለማንም አትንገሪ» አላት። ሴትዮዋ በማግስቱ ለሰፈሩ ሁሉ ትናገራለች፤ እንደምትናገርም ያውቃል። በገዛ መዋጮዋ ባለውለታው አደረጋት። በሚቀጥለው ምርጫ መጀመሪያ እጇን የምታወጣው እሷ ናት፣ ያውም እንባ እየተናነቃት። ከስርቆት ትዕይንት ይልቅ ለዚህ ሁለት ሙሉ ገጽ ቢሰጥ አይበዛም።

ንግግሩም ይጠበቅ። ድሬ ላይ ሽማግሌውም ዳኛውም «አንተ» ነው፤ የአዲስ አበባ ጸሐፊ ይህን ስቶ ሁሉንም ሰው «እርስዎ» ሲያባብል ወዲያው ይታወቅበታል። ለልቦለዱ ግን ወርቅ የሆነ አጋጣሚ ነው። ገጽ ሰባት አካባቢ አንድ ወጣት ዳኛውን «እርስዎ» ይበለው፣ ዳኛውም አያርመው። የድሬ አንባቢ ከዚያ በላይ ማብራሪያ አይፈልግም።

መጋለጡ በፖሊስ ባይሆን ይመረጣል። ፖሊስ ሲመጣ ታሪኩ ከእድሩ እጅ ይወጣል። ይልቅ ድንኳኑን የተከራየው ሙሽራ አባት በሌላ ለቅሶ ላይ «ለሦስት ቀን ብዙ አስከፈላችሁን» ብሎ ያጉረምርም። መበለቲቱ አጠገቡ ተቀምጣ ቀኑን መዝገቡ ላይ ካለው አንድ ቀን ጋር ታስላ። ትናገር ወይስ ዝም ትበል የሚለውን ጸሐፊው ይወስን፤ ለኔ ዝም ብትል ይከብዳል።

ረቂቁ ሲያልቅ የመጀመሪያዎቹን አራት ገጾች ብቻ ለአንድ የድሬ ሰው ማንበብና «ቁልፍህን ለዚህ ሰው ትሰጠዋለህ?» ብሎ መጠየቅ ነው። «አልሰጥም» ካለ፣ ዳኛው ቶሎ ተጋልጧልና እነዚያ ገጾች እንደገና ይጻፉ።