አወጣጡን ያሳምርልን

ጎንደር ከተማ ሆኜ በየክረምቱ ደምቢያ ወዳለው አጎቴ ስደውል አስቀድሜ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ጋሼ፣ ዝናቡ እንዴት ነው?» እርሱም ዘወትር «መግባቱንስ ገብቷል፤ አወጣጡን ያሳምርልን» ይለኛል። ለብዙ ዓመታት ይህን እንደ ምርቃት ቆጥሬ አሜን እያልኩ አልፌዋለሁ። ዛሬ ግን ስለዚያ አገር አየር ጠባይ ከሰማሁት ሁሉ ከዚህ የሚበልጥ እንደሌለ አምናለሁ።

ስለ አየር ጠባያችን ሲነሳ በመጀመሪያ የሚወራው ከፍታ ነው፤ እውነትም ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ሆና በኅዳር ሌሊት አመዳይ ይወርድባታል፤ ቆላማዋ መተማ ደግሞ በሚያዝያ ሙቀቷ ቀን ከጥላ አያስወጣም። ደምቢያ ግን ከጣና ሐይቅ በስተ ሰሜን የተዘረጋ ሜዳ ነውና፣ የወቅቱን ነገር የሚወስነው ከከፍታው ይልቅ ዋልካው ነው።

ዋልካ ጥቁር አፈር ነው፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዶፉ ሲበረታ ውኃ ወደ ውስጥ ማስገባቱን ይተውና ማሳው ላይ ያቁራል፤ የመገጭና የድርማ ወንዞችም ከደጋው የተቀበሉትን ይዘው በሜዳው ይሞላሉ። ገበሬው ውኃውን የሚያስወጣ ፈሰስ ካላወጣ የዘራው በቆመበት ቢጫ ይሆናል። ጣና ራሱ ከፍ የሚለው ዝናቡ ከቀለለ በኋላ፣ በመስከረምና በጥቅምት ነው።

«ቡሄ ካለ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት» ይባላል፤ ለደምቢያ ግን የዓመቱ ጭንቅ የሚጀምረው ከቡሄ በኋላ ነው። ሽምብራና ጓያ የሚዘሩት ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ በመስከረም ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የሚያድጉት ዋልካው ባስቀረው እርጥበት ነው። ዝናቡ ቶሎ ከወጣ ሽምብራው ሳይጠና አብቦ ጥቂት ፍሬ ብቻ ይይዛል፤ ከዘገየ ደግሞ ሥሩ ይበሰብሳል። ክረምቱ ሙሉ ሆኖም እንኳ በመጨረሻው አሥራ አምስት ቀን ዓመቱ ሊበላሽ ይችላል ማለት ነው።

አንድ ጥቅምት አብሬው ማሳ ወረድሁ። ላዩ እግር በሚያስገባ ስንጥቅ ተከፋፍሏል፤ ለእኔ ደርቆ ያለቀ መሬት ነበር። አጎቴ ተንበርክኮ እጁን እስከ ክርኑ ስንጥቁ ውስጥ ከተተና ጓል አወጣ፤ ሲጨብጠው እንደ ሊጥ ተጣበቀ፣ መዳፉም ላይ ጥቁር እርጥበት ቀረ። «ይኸ እስከ ኅዳር ያደርሰናል» አለ። የሽምብራውን ቅጠል የነካሁበት ጣቴ ጨው ጨው፣ ሆምጠጥ ይል ነበር፤ ተክሉ ራሱ የሚያመነጨው አሲድ ነው።

አወጣጡ ያላማረበትን ዓመትም አይቻለሁ። ጤፉ ታጭዶ መሬት ላይ ሳለ ዝናብ ተመልሶ መጣና ነዶው እየጠቆረ፣ ፍሬውም ማቆጥቆጥ ጀመረ። አጎቴ ነዶውን አንድ በአንድ እያገላበጠ ለፀሐይ ሲያሰጣ የተናገረው ነገር አልነበረም፤ ያ ዝምታ ዛሬም ይከብደኛል።

ዛሬ መስከረም 14 ነው፤ ጠዋት ደውዬለት ነበር። ትናንት ማታ ካፊያ እንደነበረ፣ ውኃው ከፈሰሱ ገና እንዳልጎደለና የሽምብራውን ዘር ከመስቀል በኋላ ሊበትነው እንዳሰበ ነገረኝ።