ተልኳል ወይስ ደርሷል?

በኮሮና ጊዜ ትምህርት ተማሪ ጋ ደረሰ የሚባለው መቼ ነው በሚል ከሱፐርቫይዘራችን ጋር የተከራከርነው ትዝ ባለኝ ቁጥር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ ተገኘ። መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ወሩ ሳያልቅ ባሕር ዳር ላይ የ14 ቀን የእንቅስቃሴ ገደብ ተጣለ። እኛ መምህራን ደግሞ ትምህርቱን በቴሌግራም፣ በሬዲዮና በቴሌቪዥን አስቀጥሉ ተባልን። እኔ የ6ኛ ክፍል ሒሳብ ነበር የማስተምረው። የወላጆች ግሩፕ ተከፈተ፤ በየሳምንቱ ጥያቄ ፎቶ እያነሳሁ እለቅ ጀመር። አልገባኝም ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። የብዙዎቹ ወላጆች ስልክ መደወልና መቀበል ብቻ ነው የሚችለው።

አንድ ቀን ሐይቅ ዳር ቀረሶ ዓሣ የምትሸጥ እናት መንገድ ላይ አስቆመችኝ። “እታለም፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ልጄ ግን ይሠራዋል። ብቻ ወረቀቱን ስጪኝ” አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ወርክሺት እያባዛሁ ዓባይ ማዶ አንድ ሱቅ ማስቀመጥ ጀመርኩ። ወላጅ ዘይትና ሳሙና ሊገዛ ሲመጣ ይወስዳል፤ ልጁ ሠርቶ ይመልሳል። ያኔ ቫይረሱ በወረቀትም ይተላለፋል ተብሎ ይፈራ ስለነበር ባለሱቋ የተመለሰውን ካርቶን ውስጥ ታሳድርልኝ ነበር። እግዜር ይስጣት፤ አንድም ወረቀት አልጠፋባትም።

ሱፐርቫይዘሩ ሪፖርት ሊሰበስቡ ሲመጡ ካርቶኑን አሳየኋቸው። ቅጹ ላይ ያሉት ቴሌግራም፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ብቻ ናቸው። አንድ ወረቀት መዘዝ አድርገው አዩ። የዚያች እናት ልጅ የሠራው ነው።

“መምህርት፣ ይሄ እኮ አብዛኛውን ስቷል። ይሄን ይዘሽ ነው ተማሪ ጋ ደረስኩ የምትይው?”

“አዎ ጋሼ። የት ላይ እንደሳተ ያየሁት በዚህ ነው። በቴሌግራም የላክሁትን ማን እንዳየው እንኳ አላውቅም።”

“ቅጹ የሚጠይቀው የተላከውን ነው።”

“ያልደረሰውን ልጅስ የት ልጻፈው?”

“አታወሳስቢው” አሉና የግሩፑን አባላት ቁጥር ጽፈው ሄዱ። በዚያ ግሩፕ ውስጥ የልጁ እናት የለችም።

ልጁ የሳተው ክፍልፋይ ላይ ነው። አንድ ሁለተኛና አንድ ሦስተኛን ደምሮ ሁለት አምስተኛ ብሏል። ላዩን ከላይ፣ ታቹን ከታች ደምሮ ማለት ነው። ይሄ ስህተት ክፍል ውስጥም በየዓመቱ ያጋጥመኛል፤ ካልታረመ ልጁን እስከ ሃይስኩል ይከተለዋል። ማታ እናቱ ስልክ ላይ ደወልኩ።

“አንድ ዳቦ ስድስት ቦታ እኩል ብትቆርሰው ግማሹ ስንት ቁራሽ ነው?”

“ሦስት።”

“ሲሶውስ?”

“ሁለት።”

“አንድ ላይ?”

“አምስት።” ትንሽ ዝም አለ። “ቲቸር፣ አምስት ስድስተኛ ነው እንዴ? እኔ የጻፍኩት ከግማሽም ያንሳል!”

ያን ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ ራሱ ነው የደረሰበት። መምህር ለሆነ ሰው ከዚህ የበለጠ ደስታ አላውቅም። ስማርት ስልክም ኢንተርኔትም አላስፈለገም። ልጁ በእጁ የሠራውና የሚደውልለት ሰው በቂ ነበር።

ወረቀት ሁሉ እውነት ይናገራል ማለቴ አይደለም። ሙሉ በሙሉ ትክክል ሆነው፣ በታላቅ ወንድም የእጅ ጽሕፈት ተሠርተው የመጡም ነበሩ። እነሱ ስለ ልጁ ምንም አልነገሩኝም። ካርቶኑ ውስጥ ለእኔ የሚጠቅመኝ ስርዝ ድልዝ የበዛበት ነበር።

በ2013 ዓ.ም. በፈረቃ ስንመለስ በአንድ ክፍል ከ20 እስከ 25 ተማሪ እንዲቀመጥ ተደረገ። በማስተማር ዘመኔ የሁሉንም ደብተር በአንድ ክፍለ ጊዜ አይቼ የጨረስኩት ያኔ ነው። ሱቅ ወረቀት ሲመልሱ የነበሩትን ልጆች ስም ሳልጠይቅ፣ ገና በጽሕፈታቸው ለየኋቸው።

ሱፐርቫይዘሩ አሁንም ቅጽ ይዘው ይመጣሉ። እኔም ከቅጹ ግርጌ “ሠርቶ የመለሰ” ብዬ በእስክሪብቶ አንድ መስመር እጨምራለሁ። “ይሄ አይጠየቅም” ይሉኛል። ቢሆንም እጽፈዋለሁ።