ለቤተ መጻሕፍትና ለመዛግብት ጥናት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች፦ ከምረቃ በፊት በእጃችሁ ስለሚኖር ሥራ

ሥራዬ ደብረ ብርሃን ከተማ በቤተ መጻሕፍት ውስጥ በመሆኑ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በሌሎች ተቋማት በኢንፎርሜሽን ሳይንስ ወይም በመዛግብት አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪያቸውን የሚማሩ የአካባቢያችን ልጆች ለበዓል ወይም ለእረፍት ሲመጡ ብቅ እያሉ ስለ ሥራ ዝግጅት ይጠይቁኛል። አብዛኞቹ የሚጠይቁት ስለ ሲቪ አጻጻፍ፣ ስለ ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያና ስለ መግቢያ ፈተና ነው። እነዚህ አያስፈልጉም ለማለት አይደለም፤ ነገር ግን አንድ ተማሪ ከመመረቁ በፊት በገዛ እጁ ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው ያደራጀው አንድ አነስተኛ የመዛግብት ስብስብ ቢኖረው፣ ከማንኛውም የሥልጠና ምስክር ወረቀት የበለጠ ይጠቅመዋል ብዬ አጥብቄ አምናለሁ። ለዚህ ደግሞ ሰሜን ሸዋን የሚያህል መማሪያ ቦታ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት «የሪከርድና ማኅደር ሠራተኛ»፣ በዩኒቨርሲቲ «የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ»፣ በባንክና በፍርድ ቤት ደግሞ በሌላ በሌላ ስም የሚወጡት ማስታወቂያዎች ሁሉ ዲግሪና የሥራ ልምድ ይጠይቃሉ። ልምድ የሌለው ተመራቂ እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣል። ይሁን እንጂ የቃል ፈተና ላይ የሚቀመጠው ኃላፊ ብዙውን ጊዜ ማወቅ የሚፈልገው፣ ይህ ሰው የተዘበራረቀ ክፍል ቢሰጠው ከየት ይጀምራል የሚለውን ነው። ለዚህ ጥያቄ ሠርቶ ያየ ሰው የሚሰጠው መልስ ከሌላው ይለያል።

የወረዳ መዝገብ ቤቶቻችንን እንውሰድ። በብዙዎቹ ውስጥ ሥራ ላይ ያሉት ፋይሎች በመደርደሪያ ላይ ተሰድረው ሲገኙ፣ የቆዩት ግን በሲባጎ እየታሰሩ በማዳበሪያ ከረጢት ይጠቀጠቃሉ። ከእነዚህ አንዱን ፋይል ፈትቶ አንድ ደብዳቤ በጥንቃቄ ማየት ብዙ ያስተምራል። በቀኝ በኩል ከላይ ቁጥርና ቀን አለ፤ ከዚያ «ጉዳዩ» የሚለው ይከተላል፤ ከታች ፊርማ፣ ክብ ማኅተምና ግልባጭ የሚደርሳቸው ክፍሎች ዝርዝር ይገኛል፤ በወረቀቱ ጥግ ላይ ደግሞ ኃላፊው በእስክሪብቶ የጻፈው ምሪት አለ። በዚያ ምሪት ጉዳዩ ከማን ወደ ማን እንደ ሄደ ይታወቃል። የወጪና የገቢ ደብዳቤ መዝገቡ ካልጠፋ፣ ከፋይሉ ተነጥሎ ወለል ላይ የወደቀ ደብዳቤ እንኳ በቁጥሩና በቀኑ ተፈልጎ ወደ ነበረበት ሊመለስ ይችላል።

ተማሪዎች የምንጭንና የቀድሞ ቅደም ተከተልን መርሕ፣ ማለትም የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ከሌላው ሳይደባለቅ በነበረበት ቅደም ተከተል ይቀመጥ የሚለውን፣ የምንጩን ክፍል በ1841 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ከወጣው መመሪያ ጋር አያይዘው ለፈተና ያጠኑታል። መርሑ ለምን እንዳስፈለገ የሚገባቸው ግን እዚህ ነው። አንድ ገበሬ በይዞታው ላይ ያቀረበው ማመልከቻ፣ ኮሚቴው የያዘው ቃለ ጉባኤና ውሳኔው የተገለጸበት ደብዳቤ በአንድ ፋይል ውስጥ ተከታትለው ሲገኙ ሙሉ ማስረጃ ይሆናሉ። «በርዕሰ ጉዳይ ላደራጅ» ብሎ ማመልከቻውን ከማመልከቻዎች፣ ቃለ ጉባኤውን ከቃለ ጉባኤዎች ጋር የደመረ ባለሙያ ግን ውሳኔው በምን ላይ እንደ ቆመ የሚያሳየውን ሰንሰለት በጥሶታል። ከ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ በፊት የነበረው የርስት ሥርዓትና ክርክሩ ሥር በሰደደበት እንደ መንዝ ባለ አገር ደግሞ የቆየ የመሬት ወረቀት ምን ያህል ክብደት እንዳለው ለአካባቢው ሰው መንገር አያሻም።

ስለዚህ ለአንድ ወረዳ ወይም ለአንድ ትምህርት ቤት ኃላፊ በጽሑፍ አመልክታችሁ፣ ፈቃድ አግኝታችሁ፣ አንድ የመደርደሪያ ሜትር ያህል መዝገብ ብቻ ውሰዱ። መዝገቡን ያመነጨውን መሥሪያ ቤት፣ ዘመኑን፣ መጠኑን፣ ይዘቱንና የአጠቃቀም ገደቡን ኢሳድ በተባለው ዓለም አቀፍ የመዛግብት ገለጻ ደረጃ መሠረት መዝግባችሁ የመፈለጊያ ዝርዝር አዘጋጁ። የሠራተኛ የግል ማኅደር፣ የሕክምናና የፍርድ ቤት ወረቀት ለማሳያ ተብሎ ፎቶ አይነሳም። ይህን መስመር የሚያውቅ ተመራቂ መሆናችሁን ቀጣሪው ከዝርዝሩ ራሱ ይረዳዋል።

ሥራውን ስትጀምሩ የውጭ መማሪያ መጻሕፍት በበቂ የማያነሷቸው ችግሮች ይገጥሟችኋል፤ እነዚህን መፍታት መቻላችሁ ደግሞ ከሌላው ተወዳዳሪ የሚለያችሁ ነው። የመጀመሪያው ስም ነው። የእኛ ሰው የሚመዘገበው በራሱ ስም እንጂ በአባቱ አይደለም፤ የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም አስቀድሞ የሚገለብጥ ካታሎግ ጸሐፊውን ይሰውረዋል፤ እንደ ኃይለ ማርያም ያለውን ጥምር ስም ሁለት ቦታ የሚከፍል ሶፍትዌርም እንዲሁ። ሁለተኛው ዘመን ነው። በሰነዱ ላይ ያለው ቀን እንዳለ ይገለበጣል፤ የተቀየረው የአውሮፓ ቀን በሌላ መስክ ይገባል፤ ወሩ ካልታወቀ ደግሞ ልዩነቱ ሰባትም ስምንትም ዓመት ሊሆን ስለሚችል ሁለቱንም ዓመት መጻፍ ግድ ነው። ሦስተኛው ፊደል ነው፤ «ዓለም» ብሎ የፈለገ አንባቢ «አለም» ተብሎ የተመዘገበውን እንዲያገኝ አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል። አራተኛው፣ ለእኔ ከሁሉ የሚያሳስበኝ፣ በኮምፒዩተር የተጻፈው የቆየ ሰነድ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ወደተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒዩተር ፊደላት ደረጃ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ሦስተኛ ዕትም ሲሆን፣ ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት መሥሪያ ቤቶቻችን ዩኒኮድ ባልሆኑ የፊደል ፕሮግራሞች ሲጽፉ ቆይተዋል። እነዚያ ፋይሎች ፊደሉ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈቱ ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናሉ። ብራናው አምስት መቶ ዓመት ቆይቶ ሲነበብ፣ የሃያ ዓመቱ የቢሮ ደብዳቤ የማይነበብ መሆኑ በእውነት ያሳዝናል። እነዚህን ፋይሎች ወደ ዩኒኮድ መቀየርንና የተቀየረውን ከታተመው ቅጂ ጋር ማመሳከርን የተለማመደ ሰው ሥራ ያጣል ብዬ አላስብም።

ወደ ብራናው የሚያዘነብሉም አሉ፤ መልካም ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ያነሳ ሲሆን፣ ቅጂው በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍትም ይገኛል። በዚያ ተቀምጠው ለዐሥርተ ዓመታት ካታሎጉን ካዘጋጁት ሊቃውንት ዋነኛው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የእኛው የሸንኮራ ተወላጅ ነበሩ። ተማሪ የእሳቸውን የካታሎግ ገለጻ ከብራናው ምስል ጎን ለጎን አድርጎ ቢያነብ፣ ስለ ቅጠል ቆጠራ፣ ስለ ጽሕፈት ዘመን ግምትና በኅዳግ ስለሚገኙ የርስትና የስጦታ ማስታወሻዎች ከየትኛውም ኮርስ የበለጠ ይማራል።

ወደ ደብር ወይም ወደ ገዳም ስትሄዱ ግን አካሄዱን እወቁበት። የወረዳ ቤተ ክህነት ደብዳቤ ሳይዙ አትሂዱ፤ ከደረሳችሁም በኋላ አስተዳዳሪውን፣ ቄሰ ገበዙንና የዕቃ ቤቱን ኃላፊ «አባታችን» ብላችሁ ተሳልማችሁ፣ የመጣችሁበትን በግልጽ አስረዱ። በመጀመሪያው ቀን ካሜራ አውጥቶ «ላንሳው» ማለት ከስርቆት ብዙ ለተጎዱ አባቶች ጥርጣሬን ይጭራል፤ ደጅ መጥናት ያስፈልጋል። መጽሐፉ በየትኛው ሣጥን እንደሚቀመጥ በኢንተርኔት በሚለቀቅ ዝርዝር ላይ በፍጹም አይጻፍ። ሥራው አድጎ ገንዘብ ቢያስፈልገው፣ የብሪቲሽ ላይብረሪ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአደጋ ለተጋለጡ መዛግብት ዲጂታል ቅጂ ድጋፍ የሚሰጥበት ፕሮግራም አለው፤ ዋናው ቅጂ ከአገር እንዳይወጣ የሚደነግግ በመሆኑም ለአባቶች ለማስረዳት ይመቻል።

ስለ ሶፍትዌር ብዙ አልልም፤ ለቤተ መጻሕፍት ካታሎግ የሚሆነው ኮሃም፣ ለዲጂታል ሰነድ ክምችት የሚሆነው ዲስፔስም፣ ለመዛግብት ገለጻ የሚሆነው አቶምም በነፃ የሚገኙ ስለሆኑ በራሳችሁ ላፕቶፕ ላይ ጭናችሁ ያዘጋጃችሁትን ዝርዝር አስገቡበት። ብሔራዊ ቤተ መዛግብትንና ቤተ መጻሕፍትን የሚመለከተውን አዋጅ ቁጥር 179/1991ን ግን ሙሉውን አንብቡ፤ የብሔራዊ ቤተ መዛግብቱን ሥልጣን የማያውቅ የመዛግብት ባለሙያ አንድ ወረቀት «ይወገድ» ብሎ ሊፈርም አይገባውም። የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ርዕስም ከዚሁ ሥራ ብታወጡት፣ ሁለት ድካም አንድ ይሆንላችኋል።

ሲጠናቀቅ የመፈለጊያ ዝርዝሩን በሦስት ቅጂ አትሙ። አንዱን ለመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ አጠቃቀሙን አሳይታችሁ አስረክቡ፤ አንዱን ለኃላፊው ከሸኚ ደብዳቤ ጋር ስጡ፤ ሦስተኛው ከእናንተ ጋር ይቅር። መሥሪያ ቤቱ ምን እንደ ሠራችሁ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደ ሠራችሁ የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ እንዲጽፍላችሁ በዚያው ቀን ጠይቁ፤ ኃላፊ ከተቀየረ በኋላ ያንን ደብዳቤ ማግኘት ከባድ ነው።