የእንግሊዝ ሳሙና ስትገዙ ዓመቱን ተዉት

ልብስ ላይ ቆጣቢ ነኝ። ስልኬም አርጅቶ ሊሞት ነው። ሳሙና ላይ ግን እጄን መያዝ አልችልም። ለንደን ደግሞ እንዲህ ላለ ሰው ጥሩ ከተማ አይደለችም። የድሮ የሽቶና የሳሙና ሱቆች ያሉበትን ጀርሚን ስትሪት የሚባል መንገድ በአንዱ ጫፍ ገብቼ በሌላው ባዶ እጄን የወጣሁበትን ቀን አላስታውስም።

ጓደኞቼ ይህን አመሌን ስለሚያውቁ ለስጦታ ሳሙና ሲፈልጉ ይደውሉልኛል። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፤ "ጥንታዊው የቱ ነው?" ሳጥኑ ላይ በወርቃማ ቀለም የተጻፈው ዓመት ዓይናቸውን ይስበዋል። ፍሎሪስ 1730። ያርድሊ 1770። ዲ. አር. ሃሪስ 1790። ፔንሃሊገንስ 1870። ብሮንሊ 1884። (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንደዚያው።) ቁጥሮቹ ውሸት አይደሉም። ግን የሚነግሯችሁ ንግዱ መቼ እንደተጀመረ ብቻ ነው። እጃችሁ ላይ ስላለው ሳሙና አንድም ነገር አይሉም።

ፍሎሪስን እንውሰድ። መሥራቹ ሁዋን ፋሜኒያስ ፍሎሪስ ዛሬ የስፔን ከሆነችው ከሜኖርካ ደሴት የመጣ ሰው ነው። ሥራው ፀጉር ማስተካከልና ማበጠሪያ መሥራት ነበር። ቤቱ የመጀመሪያውን የንጉሥ እውቅና በ1820 ከአራተኛው ጆርጅ ሲያገኝ እውቅናው የተሰጠው በሽቶም በሳሙናም አልነበረም። በማበጠሪያ ሠሪነት ነው! ሱቁ ዛሬም ጀርሚን ስትሪት ቁጥር 89 ላይ አለ። ዕቃ የተደረደረባቸው የማሆጋኒ ቁም ሳጥኖች በ1851 ሃይድ ፓርክ ውስጥ ከተካሄደው ታላቁ ኤግዚቢሽን የተገዙ ናቸው። ድሮ እዚያ ቤት መልስ የሚሰጠው በቬልቬት በተለበጠ ማስቀመጫ ላይ ነበር አሉ። ሳንቲም ከእጅ ወደ እጅ ማቀበል ነውር ሆኖባቸው ነው። አሁን ካርዳችሁን አስነክታችሁ ትወጣላችሁ። እኔ ግን እዚያ ሱቅ ስገባ እስካሁን ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

የሚገርመው ከእነዚህ ሰዎች ስንቱ ፀጉር ቆራጭ እንደነበረ ነው። ዊልያም ፔንሃሊገንም ፀጉር ቆራጭ ነበር። የመጣው ከኮርንዎል፣ ፔንዛንስ ከምትባል የባሕር ዳር ከተማ ነው። ለንደን ውስጥ ሥራው በቱርክ መታጠቢያ ቤት ጎረቤት ሆነ። ከዚያ የሚወጣው የእንፋሎትና የሽቶ ሽታ ሃሳብ ሰጠውና በ1872 "ሃማም ቡኬ" የተባለውን ሽቶ አወጣ። አንድሩ ፒርስም ከኮርንዎል፣ እሱም ፀጉር ቆራጭ። በ1789 ሶሆ ሰፈር፣ ጄራርድ ስትሪት ላይ ሱቅ ከፈተ። ለነገሩ አይደንቅም። ፀጉር ቆራጭ ቀኑን ሙሉ የሰው ፊት ከቅርብ ሲያይ ይውላል። የማን ቆዳ እንደተቆጣ፣ ማን በዱቄት እንደሸፈነው ከሱ የተደበቀ አይደለም።

ፒርስ ያየው ይህንኑ ነው። ሀብታሞቹ ደንበኞቹ የሚታጠቡበት ሳሙና ኃይለኛ ነበር። ፊታቸው ሲቆጣ በክሬምና በዱቄት ይሸፍኑታል። ከነዚያ ማስዋቢያዎች ውስጥ ደግሞ እርሳስና አርሴኒክ ያለባቸው ነበሩ። ስለዚህ ሳሙናውን ማለዘብ ይሻላል ብሎ ሲሞካክር ቆይቶ በ1807 ብርሃን የሚያሳልፈውን ሳሙና አወጣ። ዘዴው አልኮል ነው። ሳሙናው በአልኮል ይሟሟል፣ ቆሻሻው ይቀራል፣ አልኮሉ ይተናል፣ ከዚያ ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ ለሳምንታት ይደርቃል። እየደረቀ ሲሄድ መሐሉ ይሰረጉዳል። የድሮው ፒርስ መሐሉ ገባ ያለው ከዚህ የተነሣ ነው። ለጌጥ የተደረገ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው።

ከዚያ ቶማስ ባራት መጣ፤ በጋብቻ ቤተሰቡ ውስጥ የገባ ሰው ነው። ይሄኛው ሳሙና ሠሪ ሳይሆን የማስታወቂያ ሰው ነበር። ሠዓሊው ሚሌ የልጅ ልጁን የሳሙና አረፋ ሲነፋ የሣለውን ሥዕል አግኝቶ አንድ ፒርስ ሳሙና እንዲጨመርበት አደረገና በአገሩ ሁሉ በተነው። ሰዓሊውን ያሙት ብዙ ነበሩ። ሳሙናው ግን ተሸጠ።

አሁን ወደ ዋጋ ልምጣ፤ "ለምንድን ነው ሳሙና ቅንጦት የሆነው?" የሚለው ታሪክ ይበልጥ ስለሚጥመኝ። እንግሊዞች ሳሙና መሥራት የጀመሩት ገና ድሮ ነው። በ1190ዎቹ የዊንቸስተሩ መነኩሴ ሪቻርድ ኦቭ ዴቫይዝስ "ብሪስቶል ውስጥ ሳሙና ሠሪ ያልሆነ ወይም ያልነበረ ሰው የለም" የሚል ነገር ጽፏል። ሙገሳ አልነበረም። የሞራ ማቅለጫ ሽታ ከተማውን እንዴት እንደሚያደርገው አስቡት።

በ1630ዎቹ ቀዳማዊ ቻርልስ ገንዘብ ሲያጥረው የሳሙና ሥራን ለአንድ የዌስትሚንስተር ማኅበር በብቸኝነት ሰጠ። ከማኅበሩ ሰዎች በርካታዎቹ ካቶሊክ ስለነበሩ ሕዝቡ ሳሙናውን "የጳጳሱ ሳሙና" ብሎ ስም አወጣለት። ልብስ ያቃጥላል፣ የአጣቢዎችን እጅ ይልጣል ተባለ። ነገሩ ሲከር ለንደን ጊልድሆል ውስጥ ሕዝብ ባለበት የማጠብ ውድድር ተደረገ። አንዷ አጣቢ በአዲሱ ሳሙና፣ ሌላዋ በድሮው ሳሙና ልብስ አሹ። ዳኞቹ አዲሱ ይበልጣል አሉ። ታላላቅ እመቤቶችም ሳይቀሩ "ጥሩ ሳሙና ነው" ብለው በፊርማ መሰከሩ። በሕይወታቸው አንድ ሸሚዝ ያላጠቡ እመቤቶች! ከዛሬዎቹ የኢንስታግራም አስተዋዋቂዎች በምን ተለዩ?

ቀጥሎ ግብር መጣ፤ ለረጅም ዘመንም አልለቀቀም። የግብር ሰዎች ሳሙና ሠሪው በድብቅ እንዳያፈላ ማታ ማታ የጎላውን ክዳን ይቆልፉ ነበር። የገንዘብ ሚኒስትሩ ግላድስተን ግብሩን ያስቀረው በ1853 ነው። ከዚያ ወዲህ ሳሙና የሁሉም ሰው ሆነ። ባለሱቆቹ ደግሞ የሀብታሙን ሳሙና ከሌላው የሚለዩበት አዲስ ነገር መፈለግ ነበረባቸው፤ ሽቶ፣ ሳጥን፣ የቤተ መንግሥት ዓርማ።

ዓርማውን ካነሣን አይቀር፤ ዓርማው ለቤተ መንግሥቱ ቢያንስ ለአምስት ዓመት ዕቃ ላቀረበ ነጋዴ የሚሰጥ ፈቃድ ነው። ንግሥቲቱ ታጥበውበታል ማለት አይደለም። የእንግዳ መታጠቢያ ቤት ሳሙናም ሊሆን ይችላል። ሰጪው ሲሞትም ፈቃዱ ለዘላለም አይቆይም፤ ከንግሥት ኤልሳቤጥ በኋላ ነጋዴዎቹ እንደገና ማመልከት ነበረባቸው።

ታዲያ ምን እንይ? እኔ የማየው ሁለት ነገር ነው፤ አዳመጡን፣ ማለትም ሳሙናው በሲሊንደር መሐል እንዴት እንደተጨመቀ፣ እና የተሠራበትን ቅባት።

ሳሙና ሲፈላ ቅባትና ኮስቲክ ሶዳ ይዋሃዳሉ። ሳሙናና ግሊሰሪን ይወጣቸዋል። ጨው ሲጨመር ሳሙናው ከላይ ይንሳፈፋል። በዚህ ጊዜ ከመቶው 30 ያህሉ ገና ውሃ ነው። ቸኩሎ የሚሠራ ሰው ከዚህ ብዙም ሳያርቅ ይቆርጠዋል። ጥሩው ሠሪ ግን ያደርቀዋል፣ ይሰባብረዋል፣ ሽቶውን ያኔ በቀዝቃዛው ይጨምርበታል። ሽቶው ከእሳት ስለራቀ አይበንም። ከዚያ በከባድ የድንጋይ ወይም የብረት ሲሊንደሮች መሐል ደጋግሞ ይዳመጣል። "ሦስት ጊዜ የተዳመጠ" የሚሉት ይህን ነው። በመጨረሻ እንደ ሥጋ መፍጫ ባለ ማሽን ተጨምቆ በረጅሙ ይወጣል፣ ይቆረጣል፣ ማኅተም ይመታበታል። ውሃው ያኔ ከ10 እስከ 15 በመቶ ወርዷል።

ይህን በእጅ ማወቅ ይቻላል። በደንብ የተዳመጠ ሳሙና ከመጠኑ በላይ ይከብዳል። በጥፍር መታ ስታደርጉት የደረቀ እንጨት ድምፅ ይሰጣል። ጠርዙ ጭረት የለውም። ውሃ ሲነካው አረፋው ወፍራም ነው፣ ሥሩ ግን አይላቆጥም። እያለቀ ሲሄድ መሐሉ ሳይሰነጠቅ እንደ ቅጠል ይሳሳል፤ እስከዚያም ድረስ ሽታው አለ። በአንጻሩ ስሙን ከማልጠራው ቤት የገዛሁት አንድ ሳሙና ነበር። ሳጥኑ በሪባን የታሰረ፣ ወረቀቱ የሚንሿሿ። ሳምንት ሳይሞላው ተሰንጥቆ ስንጥቁ ውስጥ ቆሻሻ ያዘ። ለሪባኑ ነው የከፈልኩት።

ቅባቱን ደግሞ ከጀርባው አንብቡ። "ሶዲየም ታሎዌት" ካለ ሞራ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የከብት። "ሶዲየም ፓልሜት" ካለ የፓልም ዘይት። "ሶዲየም ኮኮኤት" የኮኮናት፤ አረፋውን የሚያበዛው እሱ ነው። የድሮዎቹ ሳሙናዎች ጥንካሬ የመጣው ከሞራ ነበር። አሁን አብዛኞቹ ወደ አትክልት ቅባት ዞረዋል። የሞራ ነገር የሚከብደው ሰው ብዙ ስለሆነ ይገባኛል። እኔ ግን ምርጫ ከተሰጠኝ ሞራውን እወስዳለሁ። ሊጣሉኝ የሚፈልጉ ከታች ይጻፉልኝ።

ከሁሉ የምወደው ግን የጀርሚን ስትሪት ሳሙና አይደለም። ከብራድፎርድ ነው። ብራድፎርድ የሱፍ ፋብሪካ ከተማ ነበረች። ሱፍ የሚነካኩ ሠራተኞች እጅ ለስላሳ እንደሆነ የታየው እዚያ ነው፤ ምክንያቱ ላኖሊን፣ ማለትም የበግ ፀጉር ላይ ያለው ቅባት ነው። ሚቸልስ ዉል ፋት ሳሙና የመጣው ከዚህ ነው፤ በ1930ዎቹ። ሽታው ጭምት ነው፣ ሳጥኑም ቀብራራ አይደለም። ከታጠባችሁ በኋላ ግን ፊታችሁ አይወጠርም። በተለይ ማሞቂያው ቤቱን በሚያደርቅበት በጥር ልዩነቱ ይታወቃል። ለጺም የሚሆነው በሴራሚክ ሳህን ይሸጣል፤ ወንድሜ አንዴ ከኔ ወስዶ አልመለሰውም።

ስሙ የእንግሊዝ፣ ባለቤቱ የሌላ አገር መሆኑ የሚያናድደው ሰው አለ። ፒርስ ዛሬ ሕንድ ውስጥ ይመረታል። ያርድሊም በሕንዱ ዊፕሮ እጅ ነው። ፔንሃሊገንስን የያዘው የባርሴሎናው ፑይግ ነው። ፍሎሪስ ግን አሁንም በቤተሰብ እጅ አለ፤ ያ ቤተሰብ ደግሞ ከሜኖርካ ነው የመጣው። ፒርስ ላይ የኔ ቅሬታ አገሩ አይደለም፤ ቀመሩ ተቀይሮ የድሮው ሽታ መጥፋቱ ነው። ሳሙናው ራሱ ከተለወጠ ሳጥኑ ላይ ያለው ስም ምን ይሠራልኛል?

ስለዚህ ለስጦታ ለምትጠይቁኝ ሁሉ፤ ትንንሾቹን ሦስት በአንድ ሳጥን ተዉና አንድ ትልቅ የገላ ሳሙና ግዙ። ወረቀቱን አውልቃችሁ ልብስ መሳቢያ ውስጥ ጥቂት ወራት ካቆያችሁት ይበልጥ ይደርቃል፣ ዕድሜውም ይረዝማል፣ ልብሱም ይሸታል። ማስቀመጫው ውሃ የሚያንጠባጥብ ይሁን፤ የቱም ውድ ሳሙና ውሃ ውስጥ ከተቀመጠ ይሟሟል። ስጦታው ለሕፃን ወይም ለሳቂታ አክስት ከሆነ ግን ከላይ ያልኩትን ሁሉ እርሱት። ብሮንሊ የሚታወቅበትን የሎሚ ቅርጽ ያለውን ሳሙና ፈልጉላቸው።