የዛሬው የካልቸር ውጤት

ዛሬ ከጨቅላ ሕፃናት ክፍል ስወጣ አንጀቴ እያረረ ነው። የአንዲት ጨቅላ የደም ካልቸር (ደም ውስጥ ያለውን ጀርም የሚለይ ምርመራ) ውጤት መጣ፤ ክሌብሴላ የሚባል ባክቴሪያ። ከአንቲባዮቲኮቹ አምፒሲሊን አይበግረውም፣ ጄንታማይሲንም፣ ሴፍትሪአክሶንም። የቀረን ሜሮፔነም ነው። አባትየው የማዘዣ ወረቀቱን ይዞ ከፋርማሲ ፋርማሲ ሲንከራተት ዋለ። የእናትየው የኦፕራሲዮን ቁስል ገና አልደረቀም። "ልጄ እዚሁ ነው የታመመችው?" አለችኝ። አዎ እህቴ፣ እዚሁ ሳይሆን አይቀርም።

ይሄ ጀርም በእጃችንና በዕቃዎቻችን ከአልጋ አልጋ ይሄዳል። ኮሮና ሲመጣ ጓንቱም ሳኒታይዘሩም ወደዚያ ዞረብን። ለሳለ ሁሉ አዚትሮማይሲን ታዘዘ፤ ቫይረስ ላይ ግን አንቲባዮቲክ አይሠራም፤ ባክቴሪያዎችን መድኃኒቱን ያላምዳል እንጂ! እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ፣ ከወረርሽኙ በፊት፣ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች በዓለም ላይ ወደ 1.27 ሚሊዮን ሰው ገድለዋል።

ነገ ጠዋት ስብሰባ አለን። በየኢንኩቤተሩ አጠገብ የእጅ ማጽጃ ይመለስልን እላለሁ። ሳይመለስ ዝም አልልም።