ምሥራቅ እስያን ለሥራ ሲዞሩ፦ ከተማ በተቀየረ ቁጥር የሚቀየረው

የአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ ይዞ ቻይና የገባ ነጋዴ ከጓንዡ ተነሥቶ ለግማሽ ቀን ስብሰባ ሆንግ ኮንግ ቢሻገር፣ በዚያው ቪዛ ወደ ጓንዡ መመለስ አይችልም። ሆንግ ኮንግ የቻይና ግዛት ብትሆንም የራሷ ኢሚግሬሽን፣ የራሷ ገንዘብና የራሷ የቪዛ ሕግ አላት፤ ሼንዘን ድንበር ላይ ወጥቷል ተብሎ በተመዘገበ ቅጽበት የአንድ ጊዜው ቪዛ አብቅቷል። ሻንጣው ጓንዡ ሆቴል፣ የመመለሻ በረራው ከጓንዡ፣ ሰውየው ሆንግ ኮንግ። ማካውም እንደዚሁ ናት። ጉዞው ከሁለቱ አንዷን የሚነካ ከሆነ ገና ሲያመለክቱ የሁለት ጊዜ ወይም የብዙ ጊዜ መግቢያ ይጠይቁ። ለሆንግ ኮንግም ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ ለብቻው ያጣሩ፤ የአንዱ ቪዛ ለሌላው አይሠራም።

ይህን ያስቀደምኩት የአካባቢው ጉዞ ችግር በአብዛኛው ከዚሁ ዓይነት ስሕተት ስለሚነሣ ነው። ሻንጋይ፣ ሴኡል፣ ቶኪዮ፣ ታይፔይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያያቸው ሰው ይመሳሰላሉ፦ ረጃጅም ሕንፃ፣ ንጹሕ የምድር ውስጥ ባቡር፣ ሰዓት የሚያከብር ሰው። አንዱን የለመደ መንገደኛ ልማዱን ይዞ ሌላው ውስጥ ይገባል፤ ሥራው የሚደናቀፈውም ያኔ ነው።

ገንዘብን እንውሰድ። በቻይና ከተሞች ታክሲም፣ ቡናም፣ የመንገድ ዳር ፍራፍሬም የሚከፈለው በስልክ ነው፤ አሊፔይ ወይም ዊቻት በሚባል መተግበሪያ። ከ2023 ወዲህ የውጭ የባንክ ካርድ (ቪዛ ካርድ ወይም ማስተርካርድ) በሁለቱም ላይ ያለ ብዙ ችግር ይታሰራል። ዝግጅቱ ግን ከመነሣት በፊት መጠናቀቅ አለበት፦ መተግበሪያውን መጫን፣ ፓስፖርትን ፎቶ አንሥቶ ማንነት ማረጋገጥ፣ ካርድ ማሰር። ብዙ ጊዜ የሚከሽፈው መጨረሻ ላይ ነው። ባንኩ የማረጋገጫ ቁጥር በአጭር መልእክት የሚልከው ወደ ተመዘገበው ስልክ ሲሆን፣ መንገደኛው ደግሞ ያንን ሲም አውጥቶ የቻይና ሲም ከትቷል። ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ይህን ይፈታል። ከ200 ዩዋን ለማይበልጥ ክፍያ ተጨማሪ አይቆረጥም፤ ከዚያ ሲያልፍ 3 በመቶ ይታከልበታል። የውጭ ካርድ የታሰረበት አካውንት ለግለሰብ ገንዘብ ማስተላለፍ ላይ ስለሚገደብ፣ የገበያ ሻጭ የግል ኮዱን (በስልክ ካሜራ የሚነበበውን የክፍያ ምስል) ሲያሳይዎ ክፍያው እምቢ ሊል ይችላል፤ የንግድ ኮድ ካለው ያንን እንዲያሳይ ይጠይቁት። ለማንኛውም ጥቂት መቶ ዩዋን በዝርዝር ብር መያዝ ደግ ነው። ጥሬ ገንዘብ አልቀበልም ማለት ክልክል ቢሆንም መልስ የሌለው ሻጭ ብዙ ነው።

ቶኪዮ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ትልልቅ ሆቴሎችና መደብሮች ካርድ ይቀበላሉ፤ ትንንሽ ምግብ ቤቶች፣ በተለይ በር ላይ ባለ ማሽን ትኬት ቆርጠው የሚያስገቡት፣ ብዙዎቹ የሚፈልጉት ጥሬ ገንዘብ ነው። ጃፓን በጁላይ 2024 አዳዲስ ኖቶች ስላወጣች፣ ያልተቀየሩ አሮጌ ማሽኖች አዲሱን ብር መልሰው ይተፉታል፤ ስለዚህ አንዳንድ 1000 የን ኖት በሳንቲም ዘርዝረው ይያዙ። የውጭ ካርድ በቀላሉ የሚቀበለው የገንዘብ ማሽን በየሰቨን ኢለቨን ሱቁ ያለው ነው። ለባቡር ሱዊካ ወይም ፓስሞ ካርድ ይገዛል፤ ሱዊካ ላይ ከ20,000 የን በላይ አይሞላም። ካርዱ ኦሳካም ይሠራል፤ ነገር ግን ቶኪዮ አካባቢ ካርዱን ጣቢያው በር ላይ አስነክቶ ገብቶ ኦሳካ አካባቢ አስነክቶ መውጣት አይቻልም። እንዲህ ላለው ረጅም መንገድ ትኬት ለብቻው ይቆረጣል።

ሴኡል በሁለቱ መካከል ናት። ካርድ የትም ይሠራል፤ የአውቶቡስና የሜትሮ ካርዱ ቲ መኒ ግን በአብዛኛው የሚሞላው በጥሬ ገንዘብ ስለሆነ ኪስ ውስጥ 10,000 ዎን አይጥፋ። ሆንግ ኮንግ ውስጥ ኦክቶፐስ ካርድ ከባቡር እስከ ሱቅ ያዳርሳል። ጉርሻ በአራቱም ቦታ አይጠበቅም፤ የሆንግ ኮንግ ምግብ ቤቶች ብቻ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ራሳቸው ሒሳቡ ላይ ይጨምራሉ።

ከገንዘብ ቀጥሎ ስልክ። በዋናው ቻይና ጂሜይል፣ ዋትስአፕና ጎግል ታግደዋል፤ የሆቴል ዋይፋይም ያው ነው። ከውጭ የመጣ ሲም በሮሚንግ ሲሠራ፣ ወይም የሆንግ ኮንግ ሲም ሲገባ፣ መስመሩ በውጭው ኩባንያ በኩል ስለሚያልፍ አብዛኛውን ጊዜ ይከፍታል። ይህንን የማያውቅ ሰው የዋጋ ማቅረቢያውንና የስብሰባ አድራሻውን ጂሜይል ውስጥ ትቶ የሻንጋዩ ፑዶንግ አውሮፕላን ማረፊያ ይደርሳል። ሰነዱን ሁሉ ስልክ ላይ አውርዶ መያዝ፣ የሆቴሉንና የፋብሪካውን አድራሻ በቻይንኛ ፊደል ማስቀመጥ፣ የትርጉም መተግበሪያውን የቻይንኛ ጥቅል ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ማውረድ ያስፈልጋል። በላቲን ፊደል የተጻፈ አድራሻ ለቻይና ታክሲ ነጂ ብዙም አይጠቅመውም። ኮሪያ ውስጥ ዕገዳ የለም፤ ሆኖም አገሪቱ ዝርዝር የካርታ መረጃ ከአገር እንዳይወጣ ለዓመታት ስለገደበች ጎግል ማፕ እዚያ ደካማ ነው። ኔቨር ማፕ ወይም ካካኦ ማፕ ይጫኑ።

ብዙ ከተሞች ሁለት አውሮፕላን ማረፊያ እንዳላቸው ትኬት ሲገዛ ይረሳል። ናሪታ ከመሀል ቶኪዮ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ሃኔዳ ከ20 ኪሎ ሜትር ያንሳል። ሻንጋይ ፑዶንግና ሆንግቺያኦ አላት፤ አንዱ በምሥራቅ አንዱ በምዕራብ ጫፍ። ሴኡል ኢንቾንና ጊምፖ። በአንዱ አርፎ በሌላው የሚነሣ በረራ ርካሽ ሆኖ ከተገኘ፣ ርካሽ የሆነበት ምክንያት በመካከሉ ያለው የከተማ ጉዞ ሊሆን ስለሚችል የማረፊያውን ስም ማንበብ ነው። ከናሪታ ስካይላይነር ባቡር ቶኪዮ ውስጥ ያለው ኒፖሪ ጣቢያ በ40 ደቂቃ ገደማ ያደርሳል፤ ከኢንቾን አንደኛ ተርሚናል ፈጣኑ ባቡር ሴኡል ጣቢያ 43 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ከሆንግ ኮንግ ማረፊያ መሀል ከተማ 24 ደቂቃ ነው። በቶኪዮ ባቡር ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይቆምና ንጋት 11 ሰዓት ገደማ ይጀምራል። ታክሲ ደግሞ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት 20 በመቶ ይጨምራል። ዘግይቶ የሚያርፍ በረራ የሚይዝ ሰው ይህን ከዋጋው ጋር ያስላው።

በከተሞች መካከል ባቡር ከአውሮፕላን ይሻላል፤ በዚህ ላይ ጥርጥር የለኝም። ቤጂንግ ሻንጋይ 1,318 ኪሎ ሜትር ነው፤ ፈጣኖቹ ባቡሮች አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅባቸዋል። ቶኪዮ ኦሳካ ኖዞሚ በሚባለው ፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። አሠራራቸው ግን ለየቅል ነው። የቻይናው ጣቢያ እንደ አውሮፕላን ማረፊያ ነው፦ ትኬቱ ከፓስፖርት ቁጥር ጋር ይታሰራል፣ ሻንጣ በመፈተሻ ማሽን ያልፋል፣ በሩ ባቡሩ ከመነሣቱ ጥቂት ደቂቃዎች ቀደም ብሎ ይዘጋል። 45 ደቂቃ ቀድሞ መድረስ ብዙ አይደለም። የጣቢያውን ሙሉ ስም ያረጋግጡ፤ ጓንዡ ጣቢያና ጓንዡ ደቡብ ጣቢያ የተለያዩና የሚራራቁ ናቸው። ሁለተኛ ማዕረግ ወንበሮች ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኤፍ ሲሆኑ ኤ እና ኤፍ መስኮት ዳር ናቸው።

ሺንካንሰን የሚባለው የጃፓኑ ፈጣን ባቡር ፓስፖርት አይጠይቅም፤ ፍተሻም የለውም፤ ጥብቅ የሚሆነው ሻንጣ ላይ ነው። ርዝመቱ፣ ወርዱና ከፍታው ተደምሮ ከ160 ሴንቲ ሜትር የሚያልፍ ሻንጣ ቶኪዮንና ኦሳካን በሚያገናኘው የቶካይዶ መስመር ከኋላው የሻንጣ ቦታ ካለው ወንበር ጋር አስቀድሞ መያዝ አለበት፤ ያለዚያ 1000 የን ይከፈላል። ናሙና ተሸክሞ ለሚዞር ሰው ከሁሉ የተሻለው ታኪዩቢን የሚባለው ዕቃ የማድረስ አገልግሎት ነው። የሆቴሉ መቀበያ ቅጹን ይሞላልዎታል፣ ሻንጣው በማግስቱ ኦሳካ ሆቴል ይደርሳል፣ እርስዎ ቦርሳ ብቻ ይዘው ይሳፈራሉ።

ቀጠሮ ሲቀበሉ የጣቢያውን ስም ብቻ ይዘው አይርኩ፤ የመውጫውን ቁጥር ይጠይቁ። የቶኪዮው ሺንጁኩ ጣቢያ ከ200 በላይ መውጫ አለው፤ በተሳሳተው የወጣ ሰው ስብሰባው ላይ ሩብ ሰዓት ዘግይቶ ይደርሳል። ፎቅ አቆጣጠርም ይለያል፦ በቶኪዮ፣ በሴኡልና በሻንጋይ አንደኛ ፎቅ ማለት መሬት ላይ ያለው ነው፤ በሆንግ ኮንግ ግን መሬት ላይ ያለው ሳይቆጠር ከላዩ ነው አንደኛ የሚባለው።

ስብሰባው ውስጥ ያለው ልዩነት የበለጠ ዋጋ ያስከፍላል። ቶኪዮ ላይ የአድራሻ ካርድ በሁለት እጅ ይሰጣል፣ በሁለት እጅ ይወሰዳል፣ ስብሰባው እስኪያልቅ ጠረጴዛው ላይ በአቀማመጥ ቅደም ተከተል ይደረደራል፤ አይጻፍበትም፣ ኋላ ኪስ አይገባም። እንግዳ የሚቀመጠው ከበሩ ርቆ ባለው ወገን ነው። ውሳኔ ከጠረጴዛው ላይ አይጠበቅም፤ ሐሳቡ በወረቀት ከታች ወደ ላይ በየክፍሉ እየዞረ ማኅተም ይሰበስባል፣ ከዚያ በፊትም ሰዎቹ በግል ይመካከሩበታል። «እናጠናዋለን» የሚለው መልስ ብዙ ጊዜ በትሕትና የተነገረ እምቢታ ነው፤ ጃፓኖቹ ተጨማሪ መረጃ በዝርዝር ከጠየቁ ግን ጉዳዩ ሕይወት አለው። ዝምታ ሲወርድ ለመሙላት ዋጋ የሚቀንስ ሰው ራሱን ይጎዳል።

ሴኡል ፈጣን ናት፤ ውሳኔው የበላዩ ዘንድ ስለሆነ ማን ከማን እንደሚበልጥ ማወቅ ይጠቅማል። ሰው በቤተሰብ ስሙና በማዕረጉ ይጠራል፤ ለብቻው በግል ስሙ አይጠራም። እራት ላይ ለትልቅ ሰው በሁለት እጅ ይቀዳል፣ ሲጠጣም ፊት ወደ ጎን ይዞራል።

በቻይና የአድራሻ ካርዱን የዊቻት ኮድ ተክቶታል፤ የግንኙነቱም ሁሉ መዝገብ እዚያው ይቀራል። በጣም መጠንቀቅ የሚገባው ውሉ ላይ ነው። ኩባንያን የሚያስረው ከፊርማው ይልቅ ቀይ ክብ ማኅተሙ ነው። የኩባንያው ሕጋዊ ስም የቻይንኛው ነው፤ በእንግሊዝኛ የሚጠቀሙበት ስም ሻጩ የመረጠው የንግድ መጠሪያ ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የንግድ ፈቃዱን ቅጂ ይጠይቁ፤ ባለ 18 አኃዝ የምዝገባ ቁጥሩን በመንግሥት የኩባንያዎች መረጃ ድረ ገጽ ላይ ያስፈትሹ፤ በፈቃዱ፣ በውሉ፣ በማኅተሙና በባንክ ሒሳቡ ላይ ያለው ስም አንድ መሆኑን ያስተያዩ። ክፍያ ሆንግ ኮንግ ውስጥ ወዳለ ሌላ ስም እንዲገባ ከተጠየቀ ያ ስም ውሉ ውስጥ ይጻፍ። የተለመደው 30 በመቶ ቅድሚያ፣ 70 በመቶ ከመጫኑ በፊት ነው፤ የሁለተኛው ክፍያ የሚለቀቀው ዕቃው ተመርምሮ፣ ማኅተም ከተደረገበት ናሙና ጋር ከተነጻጸረ በኋላ ይሁን። የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል የሚል ኢሜይል ሲመጣ፣ ቀድሞ በሚያውቁት ቁጥር ደውለው የሰውየውን ድምፅ ሳይሰሙ አይክፈሉ። የኢሜይል ሣጥን ሰብረው የገቡ ሌቦች የሚጠብቁት ይህችን ቀን ነው።

ካንቶን ፌር የሚባለው የጓንዡ የንግድ ትርዒት ከ1957 ጀምሮ የሚካሄድ ሲሆን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በኤፕሪልና በኦክቶበር አጋማሽ ይከፈታል፤ እያንዳንዱ አምስት አምስት ቀን በሚፈጅ ሦስት ምዕራፍ ይከፈላል። ኤሌክትሮኒክስና ማሽን በመጀመሪያው፣ የቤት ዕቃና የግንባታ ዕቃ በሁለተኛው፣ ልብስና መጫወቻ በሦስተኛው ነው። ምዕራፉን ያሳተ ሰው የሚፈልገውን ፋብሪካ አያገኝም። የሆቴል ዋጋ በነዚያ ሳምንታት በጣም ይንራል።

የቀን መቁጠሪያው ነገር። የቻይና አዲስ ዓመት በጃንዋሪ መጨረሻና በፌብሩዋሪ መካከል ይዋልላል፤ ፋብሪካዎች ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይዘጋሉ፤ ኮሪያም በዚያው ሰሞን ታከብራለች፤ ጃፓን ግን አታከብርም፣ የእርሷ አዲስ ዓመት ጃንዋሪ 1 ነው። የቻይናው ኦክቶበር 1 ሳምንትም፣ ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ሜይ 5 ያለው የጃፓን ዕረፍትም ለሥራ አይሆኑም።

የፓወር ባንክን ነገር አይርሱ፤ ከጁን 28 ቀን 2025 ጀምሮ በቻይና የአገር ውስጥ በረራ ላይ የአገሪቱ የጥራት ምልክት የሌለው ፓወር ባንክ መያዝ ስለተከለከለ እዚያው ገዝቶ መጠቀም ይቀላል። ሶኬትም ይለያያል፦ ጃፓን 100 ቮልትና ሁለት ጠፍጣፋ እግር፣ ኮሪያ 220 ቮልትና ክብ እግር፣ ሆንግ ኮንግ ሦስት ወፋፍራም እግር።

የጉዞው ቅደም ተከተል ላይ ምርጫ ካለ፣ የዋናው ቻይና ከተሞች ተከታትለው ይቀመጡ፤ ጓንዡ፣ ሼንዘን፣ ሻንጋይ። ሆንግ ኮንግ ከነሱ በፊት ወይም ከነሱ በኋላ ትምጣ፤ ቪዛው ያኔ የአንድ ጊዜም ቢሆን ይበቃል። ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ከሆነ ለሆንግ ኮንግ አንድ ትርፍ ቀን ይያዝ። የአውሎ ነፋስ ምልክት ቁጥር 8 ሲወጣ ቢሮዎች ይዘጋሉ፣ አውቶቡስና ጀልባ ይቆማሉ፣ በረራዎች ይሰረዛሉ፤ ምልክቱ እስኪወርድም ቀጠሮ የለም።